ቁርጥ እናትሽን

ከላይኛው ፎቅ ውሃ የወረደ ዕለት እቴቴ መጀመሪያ ያዳነችው ቴሌቪዥኑን ነው። ቀጥላ የሶፋውን ልብስ ገፈፈች፣ ምንጣፉን ጠቀለለች፣ ማንም ተቀምጦበት የማያውቀውን የእንግዳ ወንበር ሳይቀር ጎትታ መኝታ ቤት አስገባች። ስድሳውን አልፋለች፤ ያን ጠዋት ላያት ግን ሠላሳም የሞላት አትመስልም ነበር። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእህቷን ፎቶ ብቻ ዞር ብላ አላየችውም። ውሃው በጣሪያው ጥግ ገብቶ፣ የግድግዳውን ቀለም እያሳበጠ ቁልቁል ወርዶ፣ ከክፈፉ ጀርባ ሾልኮ ከታች ጠብ ጠብ ይላል። የእህቷ ልጅ ወንበር ላይ ወጥታ ልታወርደው እጇን ስትዘረጋ እቴቴ ከበሩ ሆና፣ "ተይው፤ ባለበት ይድረቅ" አለቻት።

ልብ በሉ፤ "ባለበት ይድረቅ" የተባለችው ሴት የምትተዳደረው የቆየ ፎቶ በማደስ ነው። የሰው አያት በብል ተበልቶ ይመጣላታል፣ የሰው ሙሽራ ለሁለት ተቀዶ ይመጣላታል፣ እሷ ሰው አድርጋ ትመልሰዋለች። የራሷ እናት ውሃ ሲጠጣ ቆማ እንድታይ ነው የሚፈለገው። እናቷ ስትሞት ሦስት ዓመት አልሞላትም ነበር። ድምፅ አታስታውስ፣ ጠረን አታስታውስ፤ እናት ሲባል ለእሷ ያ ፎቶ ነው፣ ሌላ የለም። ኮት የለበሰች፣ ሻርፕ ከትከሻዋ እስከ ክንዷ ጣል ያደረገች፣ ልትስቅ አስባ የተወችው የምትመስል ወጣት። ፎቶው ከተሰቀለበት ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ከቤት ስትወጣ ዓይኗን ጣል ሳታደርግበት ወጥታ አታውቅም። መስታወት ፊት ቆማ አፍንጫዋን ከአፍንጫዋ፣ ግንባሯን ከግንባሯ እያስተያየች ነው ያደገችው። ቤት የገባ ሰው ሁሉ አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ እሷን አይቶ፣ "ውይ፣ ቁርጥ እናትሽን!" ይላል። እቴቴም "አዎ፣ ቁርጥ እናቷን" ትላለች፤ አንዳንዴም "ኮቷ እንዴት ያምርባት ነበር መሰላችሁ" ብላ ትጨምራለች። በልጅነቷ ሰው ሲሰድባት፣ ፈተና ሲከብዳት፣ ወንድ ሲተዋት ያቺን ቃል ነበር ለራሷ የምትደግማት። ቁርጥ እናቴን ነኝ፣ ትላለች፣ ታዲያ ምን እሆናለሁ።

ከፎቶው የማታገኘው አንድ ነገር ቢኖር የግራ እጇን ትንሽ ጣት ነው። ጣቲቱ ከጫፏ ወደ ውስጥ ቀለስ ያለች ናት፤ ብርጭቆ ስትይዝ እንኳ ከሌሎቹ ተነጥላ ለብቻዋ ትቀራለች። በፎቶው ላይ እጅ አይታይም። እቴቴን ስትጠይቃት፣ "ይቺን እንኳ ከማን እንዳመጣሻት እንጃ፤ በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ጣት የለም" እያለች ትስቅባት ነበር። ይሁን ብላ ትታዋለች፤ ከአባት ወገን ይሆናል ብላ። አባት ደግሞ በዚያ ቤት ጨርሶ የማይነሳ ወሬ ነው።

የዚያን ጠዋት ግን እምቢ አለች። እቴቴ ወለሉን ልትወለውል ጎንበስ ስትል ክፈፉን ከምስማሩ ነጥላ፣ በፎጣ ጠቅልላ፣ በላስቲክ ከረጢት አድርጋ ደረጃውን ወረደች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ እቴቴ ከላይ አንገቷን አስግጋ፣ ጋሼ ሳያዩት እንዳትከፍቺው ብላ ጮኸችባት። ለፎቶው አስባ መስሏት ደስ አላት፤ እሺ አለች።

ጋሼ የፎቶ ቤቱ ባለቤት ናቸው። ቤቱ ከጫማ ጠጋኙና ከልብስ ሰፊው መካከል ያለች ባለ ሁለት ክፍል ሱቅ ናት፤ በፊት ለፊቱ ክፍል ነጭ ጨርቅና ለመታወቂያ የሚነሳ ሰው የሚቀመጥባት ዱካ፣ በጓዳው ኮምፒውተር፣ ስካነር፣ መብራትና የሷ ጠረጴዛ አለ። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ጋሼ ባንኮኒው ጋ ተቀምጠው ደንበኛ ያጫውታሉ እንጂ ሥራውን ለእሷ ትተውላታል። በዘመናቸው ግን ኮምፒውተር የሚባል ሳይኖር፣ እንደ ፀጉር በቀጠነ ብሩሽና በተሳለ እርሳስ የጠፋ ዓይን የሚመልሱ ሰው ነበሩ። አካባቢው "ጋሽ ቁልፍ" ይላቸዋል፤ የማያውቅ ሰው የበር ቁልፍ ሊያስቀርጽ መጥቶ ያውቃል። ቅጽል ስሙ የወጣላቸው ከአንድ ትእዛዛቸው ነው። ማንኛውም የቆየ ፎቶ ሲመጣ ከፊቱ በፊት የልብሱን ቁልፍ እዪ ይላሉ። ድሮ ፎቶ አጣቢው ፊልሙን ገልብጦ ካተመው ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ይሆናል፤ ቤተሰቡ ምን እንደሆነ ሳይገባው "አይመስልም" ብሎ ያለቅሳል። የሴት ኮት ቀኙ በግራው ላይ ይደረባል፣ የወንድ ግራው በቀኙ ላይ። እሱን አይተሽ ነው ሥራ የምትጀምሪው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ "የእናቴን ፎቶ በራሴ እጅ ማደስ እፈልጋለሁ" ብላ ሙያውን ልትማር ስትመጣ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነበር። ሁለተኛው ደግሞ፣ ያን ፎቶ እኔ ንኪው እስክልሽ እንዳትነኪው፣ ወረቀቱ አይችልም፣ ከመስታወቱ ጋር ተልጦ ይቀርብሻል የሚል ነበር። አሥራ አራት ዓመት አልነካችውም።

ዛሬ ጋሼ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ስላላቸው የሚመጡት ከምሳ በኋላ ነው። ፎቶው ደግሞ እስከዚያ አይጠብቅም፤ እርጥበቱ ከመስታወቱ ጋር እያጣበቀው ነው። ለእቴቴ እሺ ያለችውን ረስታው አልነበረም፤ ግን የምታድነው እናቷን ነውና ቃሏን በላች። የክፈፉን ምስማሮች አንድ በአንድ ነቅላ፣ ጀርባውን አንስታ፣ ወረቀቱን በቀስታ ከመስታወቱ አላቀቀችው። የሻርፑ ቀለም ግማሹ መስታወቱ ላይ ተለጥፎ ቀረ። ያኔ ያሰበችው ፎቶውን አበላሸሁት ብላ ነው። መብራቱን አስጠግታ፣ ለሌላው ሰው ፎቶ እንደምታደርገው ከመጀመሪያው ልጀምር አለች። ቁልፉን አየች።

የኮቱ ግራ በቀኙ ላይ ተደርቧል። የወንድ ኮት ይሆን ብላ ስፌቱን አየችው፤ ወገቡ የገባ፣ ደረቱ የተሠራ፣ የጠራ የሴት ኮት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት እያየችው ቁልፉን አይታው አታውቅም፤ ለካ የሰው ፎቶ ሲሆን ነው ቁልፍ የሚታያት፣ የእናቷ ሲሆን ፊት ብቻ ነበር የምታየው። ደስ ያላት ደስታ አይነገርም። ገልብጠው አትመውታል ማለት ነዋ! እስከ ዛሬ እናቴን በግልባጭ ነው ያየሁት፣ አሁን መልሼ ባዞራት እናቴ ወደዚህ ዓለም ስታይ እንደነበረችው ሆና ለመጀመሪያ ጊዜ ላያት ነው ብላ፣ ወረቀቱን ስካነሩ ላይ ስታጋድም ከንፈሯ ይስቅ ነበር። ምስሉ ኮምፒውተሩ ላይ ወጣ። አዞረችው።

እቴቴ ናት። ከዚያ ስክሪን ላይ ቁልጭ ብላ የምታያት፣ ዛሬ ጠዋት ባለበት ይድረቅ ያለቻት እቴቴ ናት። ወጣት ትሁን እንጂ አፏ ወደ ግራ ሳብ የሚለው፣ አንዱ ቅንድብ ከሌላው ከፍ የሚለው፣ ስታኮርፍ የምታመጣው ያ አገጭ፣ ሁሉም በየቦታው ገባ። መልሳ ስታዞራት እናቷ ትሆናለች፤ ስታዞራት እቴቴ። ይህን አራት አምስት ጊዜ አደረገችው። እህትማማች አይደሉ እንዴ፣ መመሳሰላቸው ምን ይገርማል ብላ ራሷን ልታጽናና ሞከረች። ወዲያው ግን ጆሮ ትዝ አላት።

የእቴቴ የግራ ጆሮ ጫፍ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ታሪኩን ሺህ ጊዜ ሰምታዋለች፤ ልጆች ሳሉ የልጅቱ እናት በጨዋታ ተናዳ የእቴቴን ጉትቻ ጎትታ ነው የቀደደችባት። "እናትሽ የተወችልኝ ማስታወሻ ነው" እያለች እቴቴ ለእንግዳ ሁሉ ታሳያለች። አዳሿ ጥጥ በንጹሕ ውሃ ነካ አድርጋ በፎቶው ላይ ያለውን የጆሮ ጫፍ ጠረገችው። እርሳስ ለቀቀ። ደግማ ጠረገችው፤ ጥጡ ጠቆረ፣ ከሥሩም ለሁለት የተሰነጠቀው ጆሮ ብቅ አለ። እናቷ እንዴት አድርጋ ነው የእህቷን ጆሮ ቀድዳ የራሷ ጆሮ የሚቀደደው? እዚያው ወንበሯ ላይ እንዳለች እንባዋ መጣ፤ እንባ ደግሞ ለፎቶ ጠላት ነውና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሃያ ስድስት ዓመት ደህና ዋዪ ስትለው የኖረችው ፊት፣ እዚያው ቤት በነጠላ ጫማ ወዲህ ወዲያ የሚለው ፊት ነበር። እናት ተብሎ የተሰጣት የለም፤ ባዶ ነው።

ከዚያ በኋላ መጥረጉን የቀጠለችው ለማደስ አልነበረም፣ በንዴት ነበር። ከሻርፑ የቀረውን ቀለም በጥጥ አነሳችው። ሻርፕ የሚባል ነገር አልነበረም። ከሥሩ፣ ኮቱ ክንድ ላይ፣ አራት ጣቶች ወጡ። ከጀርባ ዞሮ የመጣ የሌላ ሰው እጅ ክንዱን እቅፍ አድርጎ ይዞታል፤ ፎቶው ሲነሳ አጠገብ የቆመ ሰው ነበር። ከታች ያለችው ትንሿ ጣት ከጫፏ ወደ ውስጥ ቀለስ ብላ፣ ከሌሎቹ ተነጥላ ለብቻዋ ቀርታለች። በወረቀቱ ላይ የቀኝ እጅ ይመስላል፤ ስታዞረው ግራ ነው። የራሷን ግራ እጅ ከስክሪኑ አጠገብ አድርጋ ጣት በጣት አስተያየችው።

ጋሼ ስምንት ሰዓት ላይ መድኃኒታቸውን በወረቀት ይዘው ገቡ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሲያዩ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ቆሙ። ይህን የሠሩት እርስዎ ነዎት ወይ ብላ አልጠየቀቻቸውም፤ የእርሳሱ አጫጫር የማን እንደሆነ ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። እሳቸውም አልካዱም። ወንበር ስበው ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ወደ ፎቶው ተጠግተው እያዩ፣

"በምን አወቅሽ?" አሏት።

እንግዲህ ይህንን ስሙልኝ። አጥፍቻለሁ አይደለም፣ ልጄ ይቅር በዪኝ አይደለም፤ በምን አወቅሽ!

"በቁልፉ" አለቻቸው።

ጋሽ ቁልፍ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መታ አደረጉ። ፎቶውን ዳግም በፊልም አንስተው፣ እቴቴን እንዳትመስል ብለው ገልብጠው ማተማቸውን፣ ጆሮውን ማስተካከላቸውን፣ እጁን በሻርፕ መሸፈናቸውን ነገሯት። ቁልፉን ግን ረሱት። ትምህርት ቤት የእናት ፎቶ አምጡ ተብላችሁ አንቺ ሦስት ቀን ስታለቅሺ አክስትሽ የራሷን ፎቶ ይዛ መጣች፣ እኔም ሕፃን አታልቅስ ብዬ ነው የሠራሁት አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሃያ ስድስት ዓመት ግን ማንም አላወቀውም እኮ አሉ። ኩራት ነበረበት። እሷን ከምንም በላይ ያቺ ኩራት ናት ያንገበገበቻት። አሥራ አራት ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ ስለ እናቷ ስታወራ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰምተዋታል፤ እጇን ይዘው ብሩሽ ያስተማሯት ሰው ናቸው። ያን ፎቶ እንዳትነኪ ያሏት ለወረቀቱ አስበው አልነበረም።

"የአጠገቧ ሰው የት ሄደ?" አለች።

"ጠይቄያት ነበር፤ የለም አለችኝ። ግን በመቀስ የተቆረጠ ነው፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነበር።" መነጽራቸውን አጠለቁ። "የቀረውን እሷን ጠይቂያት፣ ልጄ።"

አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ቤት ስትደርስ የላይኛዋ ጎረቤት መጥታለች። ለማንም የማይፈቀደው የእንግዳ ወንበር ለእሷ ከመኝታ ቤት ወጥቶላት፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኗ ቱቦ እንዴት እንደተነቀለ ለሦስተኛ ጊዜ እያስረዳች ነበር። አዲስ ገቢ ናት፤ ደግ ሴት ናት፣ ወሬዋ ግን ማቆሚያ የለውም። የተበላሸው የእናትሽ ፎቶ ነው ሲሉኝ ቀኑን ሙሉ ጸጸት ገደለኝ፣ እስቲ አሳዪኝ አለች። እቴቴ ከወጥ ቤት ሆና፣ ተዪው፣ ለሌላ ጊዜ አለች። ልጅቱ ግን ፎጣውን ፈታች። ጎረቤቲቱ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ የቆመችውን አየች፤ ቀለም ለቀቀ፣ ጆሮ ተቀደደ፣ ጣት ወጣ፣ ያን ሁሉ ልብ አላለችውም።

"ውይ፣ ቁርጥ እናትሽን!"

"አዎ፣ ቁርጥ እናቷን" አለች እቴቴ ከወጥ ቤት። ፎቶውን አላየችውም፤ ልምድ ነው፣ አፏ ላይ ነበረች። የእህቷ ልጅ ግን ያን ጊዜ ነው አንጀቷ የተቆረጠው። ጋሼ የነገሯት የድሮ ነገር ነበር፤ ይህኛው እዚያው ፊት ለፊቷ፣ በጆሮዋ እየሰማችው የተዋሸ ነው። ጎረቤቲቱ የልጅቱን ፊት አይታ ቱቦዋን ልያት ብላ ተነሳች፤ ቀለሙን ራሷ እንደምታስቀባ ቃል ገብታ፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች። እቴቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች።

"እቴቴ፣ ጆሮሽን አሳዪኝ።"

የእቴቴ እጅ ሳታስበው ወደ ግራ ጆሮዋ ሄደ፣ እዚያው ቀረ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን አየች። ጎረቤቲቱ ባሞቀችው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ በራሷ ቤት እዚያ ወንበር ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነው። ብዙ ሳትለመን ተናገረች፤ ሃያ ስድስት ዓመት አፏ ውስጥ የያዘችው ስለሆነ መሰል፣ ቃላቱ ተደርድረው ነው የወጡት። ሁለቱ እህትማማች ያላቸው ደህና ልብስ አንድ ኮት ብቻ ነበር፤ በተራ ይለብሱታል። ፎቶ የተነሱ ዕለት ተራው የእቴቴ ነበር። ወር ሳይሞላ አንድ ማለዳ እህቷ ከአንድ ሰው ጋር ሄደች። ደህና ሁኚ አላለችም፣ ደብዳቤ አልተወችም፣ ኮቱን ለብሳ ሄደች። እቴቴ የዚያኑ ቀን መቀስ አነሳችና እህቷን ቆርጣ ምድጃ ውስጥ ጨመረቻት። ከጀርባዋ ዞሮ የመጣውን እጅ ግን መቀሱ አላገኘውም፤ እላይዋ ላይ ቀረ። ከአራት ዓመት በኋላ እህቷ ሕፃን አዝላ፣ እያሳለች፣ ያለ ኮት ተመለሰች። በመጨረሻ ሰሞን አንድ ነገር ብቻ ለመነቻት፤ ያቺን የሁለታችንን ፎቶ አሳዪኝ አለቻት።

"ጠፋች አልኳት" አለች እቴቴ። "ምን ልበላት?"

"ለአንድ ኮት?"

"ያኔ ሌላ ምን ነበረኝ?"

ከወጥ ቤት የተጣደው ውሃ ሲፈላ ይሰማ ነበር፤ ሁለቱም አልተነሱም። ልጅቱ የግራ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ከፎቶው አጠገብ አኖረችው። አራቱ ጣቶች አሉ፣ የሷም አሉ፤ ትንሿ ከትንሿ ጋር አንድ ዓይነት ቀልሳለች። እቴቴ አየች፣ ዓይኗንም ሰበረች።

"ፎቶው ይሁን" አለች ልጅቱ። "ሕፃን ነበርኩ፣ አለቀስኩ፣ ጨነቀሽ፤ ይሁን። ይቺን ጣት ግን ከማን እንዳመጣሻት እንጃ ነበር ያልሽኝ። በቤታችን የለም ነበር ያልሽኝ። የእናትሽ ናት ብትዪኝ ምን ትከፍዪበት ነበር? ፎቶ አያስፈልገው፣ ቀለም አያስፈልገው። በቃል ብቻ።"

እቴቴ ሽርጧን እጥፍ ዘርጋ አደረገች። ያን ብትላት ሌላው ተጎትቶ እንዳይወጣ ፈርታ ይሆናል፤ ወይም እህቷ ዳግመኛ እንዳትወስድባት ፈርታ ይሆናል፣ ማን ያውቃል። ልጅቱ ተነስታ ክርና መርፌ ከሚቀመጥበት የብስኩት ቆርቆሮ መቀሱን አወጣች። አሥራ አራት ዓመት በሙያው ስትኖር የሰው ፎቶ ላይ መቀስ አሳርፋ አታውቅም፤ የተቆረጠ መቀጠል ነው ሥራዋ። ወረቀቱን አንስታ፣ ከኮቱ ክንድ ላይ አራቱን ጣቶች ዙሪያውን ቆረጠቻቸው። ከቴምብር ብዙም የማትበልጥ ቁራጭ ወጣች። መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻት፤ ይቺ ናት አለች በልቧ፣ ቁርጥ እናቴ ይቺ ናት። በመታወቂያዋ ላስቲክ ውስጥ ከራሷ ፎቶ ጀርባ ከተተቻት።

የቀረውን ክፈፉ ውስጥ መልሳ ወንበሩን አስጠጋች፤ ወጥታም ከድሮው ምስማር ላይ ሰቀለችው። መስታወት የለውም። ፎቶው ቀጥ እንዲል በጣቷ ነካ አደረገችው፣ እንደ ሁልጊዜው። ከዚያ ወርዳ ቦርሳዋን አነሳች። ኮት የለበሰችው ወጣት ከግድግዳው ላይ ልትስቅ አስባ እንደተወችው ነች፤ ክንዷ ላይ በተከፈተው ቀዳዳ ግን የክፈፉ ካርቶን ይታያል። እቴቴ ከወንበሩ ሳትነሳ ቀና ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። ልጅቱ በሩ ጋ ደርሳ እጀታውን ይዛ፣ ምናልባት አንድ ቃል ትለኝ እንደሆን ብላ ቆማ ነበር።

"ኮቴን" አለች እቴቴ። "ኮቴን ቆረጥሽብኝ።"